ሥሩ ላይ የታየው ሰማያዊ

ቤተ ሙከራው ውስጥ ሁሉም ሰው ምላጭ ነበር የሚላት። ስሙ የወጣላት በአፏ ስለት አይደለም፤ በእጇ ነው። አንዲት የገብስ ፍሬ በሁለት ጣቶቿ ቆንጥጣ ይዛ፣ በተራ የጢም መላጫ ምላጭ፣ ብርሃን እስክታሳልፍ ድረስ አሳስታ ትሸነሽናታለች። ለዚሁ ሥራ ተብሎ የተገዛ አንድ ጠረጴዛ የሚሞላ መሣሪያ ነበር፤ ግን ተመራማሪዎቹ መሣሪያውን ትተው እሷ ጋ ተራ ይይዙ ነበር። አርባ ሰባት ዓመቷ ነው። ሃያ ሦስቱን ያሳለፈችው እዚያው ሕንፃ ውስጥ ነው፤ መጀመሪያ የብርጭቆ ዕቃ አጣቢ፣ ኋላ ቴክኒሻን ሆና።

ቤተሰቡ ስለ እሷ የሚያወራው አንድ ታሪክ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ላይ ሳለች አባቷ አልጋ ላይ ዋለ፤ እሷም ትምህርቷን ጥላ ሥራ ገባች፤ በአሥራ አንድ ዓመት የምታንሳትን እህቷን አሳድጋ አስተማረች። ዘመድ በተሰበሰበ ቁጥር ይህ ይነሣል። እሷም አቀርቅራ ትሰማለች።

ታናሽየዋን ሁሉም ሚጣ ይላታል። ከልጅነቷ ጀምሮ ትንሽ ስለነበረች ነው፤ ስሙ ቁመቷ ከእህቷ ካለፈ በኋላም አልለቀቃትም። ሚጣ ተማረች፣ ተማረች፣ ባሕር ማዶ ሄዳ ዶክተር ሆነች። ከዚያ ተመልሳ ሥራ ስታገኝ፣ ያገኘችው የት ሆነና? እህቷ በምትሠራበት ቤተ ሙከራ፣ የገብሱ ጥናት መሪ ሆና።

የመጀመሪያው ቀን አብረው ነው የሄዱት። የበሩ ዘበኛ ምላጭን ለሃያ ሦስት ዓመት በየጠዋቱ መታወቂያ ሲጠይቃት የኖረ ሰው ነው። ሚጣን ከሩቅ ሲያይ ብድግ አለና፣ "ዶክተር፣ እንዴት አደሩ!" ብሎ በሩን ወለል አድርጎ ከፈተ። ሚጣ አለፈች። ምላጭ ልትከተላት ስትል እጁን ዘረጋ።

"መታወቂያ?"

ቤት ደግሞ እናታቸው ነበሩ። የሚጣን የምረቃ ፎቶ ከቴሌቪዥኑ በላይ ሰቅለው ጎረቤቱን ሁሉ ጠርተው አሳዩ። "ልጄ ዶክተር ናት" ማለታቸውን የሰማ ጎረቤት ታዲያ ጉልበቱን ይዞ፣ ወገቡን ይዞ መምጣት ጀመረ።

"እማዬ፣ እኔ የእህል ዶክተር ነኝ እኮ" አለች ሚጣ እየሳቀች።

"እህል ካዳንሽ ሰውማ ምን ያቅትሻል!" አሉ እናታቸው።

ሁሉም ሳቀ። ምላጭም ሳቀች። እናታቸውን ሐኪም ቤት የምታመላልሰው፣ መድኃኒታቸውን በሰዓቱ የምትሰጠው እሷ ናት። የእሷ ፎቶ ግን ግድግዳው ላይ የለም። የለም ብላ አስባው አታውቅም ነበር፤ የሚጣ ከተሰቀለ በኋላ ግን ባየችው ቁጥር ዓይኗ ከጎኑ ወዳለው ባዶ ቦታ መሄድ ጀመረ።

ሚጣ ይዛው የመጣችው ሥራ ገብስን በብረት ማዕድን ማበልጸግ ነበር፤ ደም ላነሳቸው እናቶችና ሕፃናት የሚሆን ገብስ። ብረት አጥብቆ የሚይዝ ፕሮቲን የሚሠራ ዘረመል አለ። ዘረመሉን ገብሱ ውስጥ ማስገባት የሚቻል ነገር ነው። ጭንቁ ሌላ ነው፤ የትኛው የገብሱ ክፍል ላይ ይሥራ? በአንድ ተክል ቅጠልም፣ ሥርም፣ ፍሬም ውስጥ ያለው ዘረመል አንድ ዓይነት ነው። ልዩነቱ የትኛው የት ይነቃል የሚለው ላይ ነው። ይህን የሚወስነው ከእያንዳንዱ ዘረመል ፊት ያለው ፕሮሞተር የሚባል ቁራጭ ነው። ፕሮሞተር ራሱ ምንም አያመርትም፤ ከኋላው ያለውን ዘረመል "እዚህ ሥራ፣ እዚያ ዝም በል" ይለዋል እንጂ። የገብስ ፍሬ ሆዱን በምግብ የሚሞላበት ፕሮቲን ሥር ላይም ቅጠል ላይም የማይገኘው፣ ፕሮሞተሩ ፍሬው ውስጥ ብቻ ስለሚያስነሳው ነው። ሚጣ የፈለገችው ያንን ፕሮሞተር ወስዳ ከብረት ያዡ ዘረመል ፊት ማስቀመጥ ነበር። መጀመሪያ ግን ፕሮሞተሩን መፈተሽ አለባት፤ ለዚህም ለጊዜው ከኋላው ሰማያዊ ቀለም የሚያስወጣ ሌላ ዘረመል ይደረጋል። ፕሮሞተሩ የነቃበት ቦታ ሁሉ ለዚሁ የተዘጋጀ መድኃኒት ሲነካው ሰማያዊ ይሆናል። ያልነቃበት ነጭ ሆኖ ይቀራል።

ይህንን ምላጭ በደንብ ታውቀዋለች። ከአሥር ዓመት በፊት፣ አሁን ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ዓመት የቀራቸው ፕሮፌሰር ይህንኑ ፕሮሞተር በረጅሙና በአጭሩ ቆርጠው ሲሞክሩ፣ ፍሬዎቹን ሁሉ የሸነሸነችው እሷ ነበረች። ያ ጥናት ሳያልቅ ተቋረጠ። እሷ ግን ያየችውን በደብተሯ ጽፋ ነበር። ረጅሙ ደማቅ ነው፣ አጭሩ ፈዛዛ ነው፤ ነገር ግን አጭሩ ከፍሬው አይወጣም።

በመጀመሪያው ስብሰባ ይህንኑ አለች። "አጭሩ ይሻላል።"

ሚጣ በለሰለሰ ድምፅ መለሰችላት። "እትዬ፣ አጭሩ ደካማ ነው እኮ። በእሱ የሚገኘው ብረት ለማንም አይበቃም።"

ክፉ ቃል አልወጣትም። ግን እትዬ ማለቷ፣ እዚያ ሰው ሁሉ መሀል፣ ምላጭን አንድ ነገር አደረጋት። አንዱ ወጣት ተመራማሪ ፈገግ አለ። እሷም አቀርቅራ ጣቷ ላይ የሌለ ቆሻሻ ስትጠርግ ቆየች።

ረጅሙ ፕሮሞተር ገብሱ ውስጥ ገባ። ተክሎቹ አደጉ፣ አፈሩ። ምላጭ ፍሬዎቹን ሸነሸነች፣ መድኃኒት ውስጥ ነከረች፣ በማግስቱ አጥባ አጉሊ መነጽር ሥር አስቀመጠች። የፍሬው ነጭ ሆድ ከዳር እስከ ዳር ሰማያዊ ሆኗል፤ ሽሉ ነጭ፣ ቅርፊቱ ነጭ። በሥራ ዘመኗ እንዲህ ያለ ያማረ ቁራጭ ቆርጣ አታውቅም። ሚጣን ጠራቻት። ሚጣ በመነጽሩ አየችና እልል ልትል ምንም አልቀራትም።

በሳምንቱ ያ ምስል ተልቆ በኮሪደሩ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ከሥሩ በትልቁ የሚጣ ስም ከነማዕረጉ ተጽፏል። ሰው ሁሉ እየቆመ ያደንቃል። የሌላ ክፍል ሠራተኛ ምላጭን ትከሻዋን መታ አድርጎ፣ "እንኳን ደስ አለሽ! እንዲህ ያለች እህት ያላት ሰው ምን ይጎድለዋል?" አላት።

"ምንም" አለች።

መጸዳጃ ክፍል ገብታ ቧንቧውን ከፍታ ቆመች። ለማልቀስ ነበር የገባችው፤ እንባው ግን እምቢ አላት። እሷን የያዛት ሐዘን አልነበረም። የሚጣ ፀጉር አቆራረጥ፣ የሚጣ ሳቅ፣ ሚጣ ስልክ ስታወራ ወንበሯን የምታሽከረክርበት ሁኔታ፣ ሁሉም ቆዳዋን ይለበልባት ጀመር። ማታ ሾርባ ሲቀርብ እናታቸው ሥጋውን እየፈለጉ ለሚጣ ሲያወጡ ታያለች፤ ስንት ጭልፋ እንደሆነም ትቆጥራለች። በአርባ ሰባት ዓመቷ የሥጋ ጭልፋ መቁጠሯ ለራሷም አሳፈራት። ግን አላቆመችም።

ቀጥሎ የቀረው ሌላውን የተክሉን ክፍል መመርመር ነበር። ቅጠልና ግንድ ነጭ ሆኑ። ሦስተኛው ሥር ነው። ምላጭ አሥራ ሁለት ቡቃያ አብቅላ ሥራቸውን ነከረች። በማግስቱ ጠዋት ማንም ሳይገባ መነጽሩን አስተካክላ አየች። የሥሩ ጫፍ ላይ፣ እንደ ክር የቀጠነች ሰማያዊ መስመር። ሁለተኛው ላይም። ከአሥራ ሁለቱ አምስቱ። ምናልባት መድኃኒቱ ተበላሽቶ እንደሆነ ብላ ምንም ያልተነካ ተራ ገብስ አብራ ነክራ ደገመችው። የተራው ገብስ ሥር ነጭ ነው። የሚጣ ገብስ እንደገና ሰማያዊ።

ምን ማለት እንደሆነ ወዲያው ገባት። ብረት ያዡ ዘረመል በዚህ ፕሮሞተር ቢገባ፣ ሥሩ ላይም ይነቃል፤ ብረቱን ወደ ላይ ከመላክ ይልቅ ሥር ላይ ይዞ ያስቀረዋል። ቅጠሉ ይገረጣል፣ ተክሉ ይጫጫል። ይህ የሚታወቀው ግን ከዓመት በኋላ፣ ብዙ ከተለፋ በኋላ ነው።

በራሷ ደብተር ቀኑን ጽፋ ያየችውን መዘገበች። ለሚጣ በሚሰጠው ቅጽ ላይ ግን የሥሩን መስመር ባዶ ተወችው። ወረቀቱን ስትሰጣት ሚጣ ስለሚመጡት ገምጋሚዎች በስልክ እያወራች ነበር። ስልኩን በእጇ ሸፈን አደረገችና፣

"ንጹሕ ነው አይደል?" አለቻት።

"ቅጠሉ ንጹሕ ነው" አለች ምላጭ።

"እሰይ! እጅሽ ይባረክ፣ እትዬ።" ቅጹን ሳታይ ወደ ስልኳ ተመለሰች።

ያ ነው ያደረገችው። አልዋሸችም፤ እሷም ለራሷ ደጋግማ እንዲህ አለች። ሦስት ሳምንት ሙሉ ነገሩን በሆዷ ይዛ ዞረች። ሚጣ ስትስቅ ባየች ቁጥር "ቆይ" ትላለች በልቧ። አንዳንዴ እነግራታለሁ ብላ ትነሣለች፤ ያኔ በኮሪደሩ ታልፍና ምስሉን ታያለች፣ ትቀመጣለች።

ገምጋሚዎቹ አራት ሆነው መጡ። ጥናቱ ይቀጥል አይቀጥል የሚወስኑት እነሱ ናቸው። አዳራሹ ሞላ። ምላጭ ከኋላ ወንበር፣ በር አጠገብ ተቀመጠች። ሚጣ ቆንጆ አድርጋ አስረዳች፤ ፕሮፌሰሩ ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙ። ስትጨርስ አንዲት ሽበታም ገምጋሚ እጃቸውን አነሡ።

"ፍሬውን አየን፣ ግሩም ነው። ሥሩስ? ይህ ፕሮሞተር ሥር ላይ ትንሽ እንኳ ቢነቃ ብረቱ እዚያው ይቀራል።"

"ትክክለኛ ጥያቄ ነው" አለች ሚጣ። ከዚያ ዓይኗ አዳራሹን አቋርጦ ኋላ ወንበር ላይ አረፈ፤ ፈገግ አለች። "የመረመረችው እህቴ ናት። እዚያ ነች። ከእሷ ዓይን ያመለጠ ነገር አይቼ አላውቅም። ነጭ ነው ካለች ነጭ ነው።"

ሰው ሁሉ ዞሮ ምላጭን አየ። በሃያ ሦስት ዓመት ውስጥ ያ አዳራሽ ወደ እሷ ዞሮ አያውቅም ነበር። ዝም ብትል ያልፋል። ሚጣ ከዓመት በኋላ በገረጣ ገብስ መሀል ቆማ ታለቅሳለች፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ በልቧ ያየችው ይህንኑ ነበር። ያ ትዕይንት ግን አሁን አልመጣ አላት። "ከእሷ ዓይን ያመለጠ" የሚለው ብቻ ጆሮዋ ላይ ቀረ። ብድግ አለች።

"ነጭ ነው አላልኩም።"

ሽበታሟ ገምጋሚ ደብተራቸውን ገለጡ።

"ከአሥራ ሁለቱ አምስቱ ሥራቸው ላይ ሰማያዊ አለባቸው። ደግሜዋለሁ። ከተራ ገብስ ጋርም አስተያይቼዋለሁ።"

ፕሮፌሰሩ መነጽራቸውን አወለቁ። "መቼ ነው ያየሽው?"

ትናንት ማለት ትችል ነበር። አፏ ላይም መጥቶ ነበር።

"ከሦስት ሳምንት በፊት" አለች።

ሚጣ ፊቷ ላይ ደም አልቀረም። እንደምንም፣ "እናመሰግናለን፤ አጣርተን እናቀርባለን" ብላ ወረቀቶቿን ሰበሰበች። ውሳኔው ለአንድ ዓመት ተላለፈ። ለምላጭ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጻፈላት፤ ፕሮፌሰሩ ራሳቸው በእጃቸው ሰጧት።

ሚጣ የመጣችው ከሰዓት በኋላ ነው። ምላጭ የብርጭቆ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ፣ ማንም ያላዘዛትን ዕቃ እያጠበች ነበር። ሚጣ በሩን ዘጋች።

"ለምን?"

ምላጭ ውኃውን ዘጋች። "ቀንቼብሽ።"

"ቀንተሽ!" ሚጣ የጠበቀችው ሌላ ነገር ነበር። "እኔ ምን አለኝና ነው የምትቀኚብኝ? ያለኝ ሁሉ አንቺ የሰጠሽኝ ነው። ትምህርትሽን ለእኔ ብለሽ ባታቆሚ…"

"ለአንቺ ብዬ አላቆምኩም።"

"ምን?"

"ወድቄ ነው ያቆምኩት። ኬሚስትሪ። ሁለት ጊዜ። አባባ ከመታመሙ ሁለት ወር በፊት ተባርሬያለሁ። እሱ ሲታመም ሰው ሁሉ ለቤተሰቧ ብላ ነው ያቆመችው አለ። እኔም ዝም አልኩ።"

ሚጣ እዚያ የነበረ ባልዲ ገልብጣ ተቀመጠችበት። አቀረቀረች። ምላጭ፣ እህቷ ይቅር የምትላት፣ እንዲያውም የምታቅፋት መስሏት ነበር። ሚጣ ቀና ስትል ግን ዓይኗ ደም መስሏል።

"አንድ ፈተና በተበላሸብኝ ቁጥር አንቺን የገደልኩሽ ይመስለኝ እንደነበር ታውቂያለሽ? ባሕር ማዶ ሆኜ ሁለቴ ልተወው ብዬ በአንቺ የተነሳ ነው ያልተውኩት። ይህን ሁሉ ዘመን ሳጎነብስልሽ! ለዚህ ነው?"

"ንገሪያት ንገሪያት ይለኝ ነበር…"

"አልነገርሽኝም" አለች ሚጣ። ተነሥታ ወጣች። በሩን እንኳ አልወረወረችውም።

አራት ወር አልተነጋገሩም። ሚጣ ቤት ተከራይታ ወጣች፤ ለእናታቸው ለሥራ ይቀርበኛል አለቻቸው። ቤተ ሙከራ ውስጥ የሚያስፈልጋትን በቁራጭ ወረቀት ጽፋ ጠረጴዛ ላይ ትተዋለች። የሚገርመው ቅናቱ አልቀነሰም። ሚጣ ከሌላዋ ቴክኒሻን ጋር ምሳ ስትበላ ስታይ፣ ምላጭ አሁን ደግሞ በዚያች ሴትዮ ትቀና ጀመር።

አንድ ጠዋት ወረቀቱ ላይ፣ "የአጭሩ ፕሮሞተር ፍሬ አለ?" የሚል ጽሑፍ አገኘች። የአሥር ዓመቱን ደብተር ሚጣ ከመደርደሪያው ወስዳ አንብባዋለች። ምላጭ ቀዝቃዛው ማከማቻ ገብታ ሣጥኑን አውጥታ፣ ወረቀት ሳትጽፍ ራሷ ወሰደችላት።

"አለ" አለች።

"አጭሩ ላይ ፍሬን የሚለየው ምልክት እንዳለ ነው" አለች ሚጣ፣ ሣጥኑን እንጂ እሷን ሳታይ። "ሥሩን የሚያነቃው ረጅሙ ላይ የተረፈው ክፍል ነው። ምልክቱን ሁለት ጊዜ ደግመን ብንቀጥለው ድክመቱ ይስተካከል ይሆናል።"

"ይሆናል" አለች ምላጭ።

ሥራው ከዓመት በላይ ፈጀ። አዲሶቹ ተክሎች አፈሩ፤ ፍሬያቸው ሲሸነሸን ሰማያዊው እንደ ረጅሙ ባይደምቅም ሆዱን ሞልቶት ነበር። ከዚያ ተራው የሥሩ ሆነ። ምላጭ አርባ ቡቃያ መርምራ አርባውም ነጭ መሆናቸውን ጽፋ ሰጠች። ሚጣ ቅጹን ተቀበለች፣ አመሰገነች፣ ከዚያም መነጽሩ ላይ ተቀምጣ አርባውን አንድ በአንድ ራሷ አየቻቸው። ግማሽ ቀን ፈጀባት። ምላጭ ከክፍሉ ማዶ ሆና ጀርባዋን እያየች ቆየች። እንደዚያ ቀን ያሳመማት ነገር የለም፤ ደብዳቤውም፣ አዳራሹም እንዲህ አላደረጋትም።

ጽሑፉ ሲታተም የምላጭ ስም ከሚጣ ቀጥሎ ሁለተኛ ሆኖ ወጣ። ሚጣ ናት እንዲህ ይሁን ያለችው፤ "ይገባታል" ብላ ለፕሮፌሰሩ መናገሯን ሰዎች ነገሯት። ስሟን በታተመ ወረቀት ላይ ስታይ ያ የሚለበልባት ነገር የሚለቃት መስሏት ነበር። ሁለት ቀን ለቀቃት። በሦስተኛው ቀን ዓይኗ ከራሷ ስም በላይ ወዳለው ስም መሄድ ጀመረ።

በዚያው ዓመት ክረምት የእናታቸው የግራ ዓይን ሞራ ተጋርዶበት ቀዶ ሕክምና ታዘዘላቸው። ሁለቱም ፈቃድ ወስደው ይዘዋቸው ሄዱ። ሚጣ ወረቀቱን ሞላች፣ ከሐኪሙ ጋር በሐኪሙ ቋንቋ ተነጋገረች፣ አሠራሩን ለእናታቸው አስረዳች። እናታቸው ራሳቸውን እየነቀነቁ የነጠላቸውን ጫፍ ይቋጥሩ ይፈቱ ነበር። ነርሷ ተሽከርካሪውን ወንበር እየገፋች መጣች።

"እስከ ውስጠኛው በር አንድ ሰው ብቻ ነው የሚገባው" አለች። "ማን ትግባ፣ እናቴ?"

"እኔ ልግባ እማዬ፤ የሚሉትን እሰማልሻለሁ" አለች ሚጣ፣ ቦርሳዋን እያነሣች።

እናታቸው እጃቸውን ዘረጉ፤ ወደ ሚጣ አልነበረም። "ትልቋ ትምጣልኝ" አሉ። "እሷ ካለች አልፈራም።"

ምላጭ የእናቷን እጅ ያዘች። ወንበሩ ሲንቀሳቀስ ዞር ብላ አየች። ሚጣ የእናታቸውን ጫማና ነጠላ ታቅፋ ኮሪደሩ መሀል ቆማለች። ፈገግ ለማለት እየሞከረች ነው፤ ከንፈሯ ግን እምቢ ብሏታል። ምላጭ ያንን ፊት ታውቀዋለች። ከማንም በላይ ታውቀዋለች። መጀመሪያ የተሰማት ደስታ ነበር፤ ጥርት ያለ፣ ክፉ ደስታ። ወዲያው ደግሞ አፏ ውስጥ መረራት።

"አንዴ ቆይ" አለች ነርሷን። ወደ ኋላ ተመለሰችና ከሚጣ ክንድ ላይ ነጠላውን ወሰደች። "እስከ መጀመሪያው በር አብረሽን ነይ። እዚያ ድረስ ማንም አይከለክልሽም።"

ሚጣ አፍንጫዋን ሳበች። "ነርሷ አንድ ሰው ነው ያለችው እኮ።"

"እሷን ለእኔ ተያት" አለች ምላጭ። በወንበሩ ግራና ቀኝ ሆነው ሄዱ። ነርሷ አየቻቸውና ወንበሩን መግፋቷን ቀጠለች።